የልጅ ቃል በይግባኝ መዝገብ፦ ከአጋርፋ ማዶ የተነሣ የአንድ ክርክር ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በሕግ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ በሥነ ሥርዓት ትምህርት መጨረሻ፣ ፈተና ሲቃረብ፣ ተጣድፎ የሚታለፍ ነው። በልጅ ላይ በደል ፈጽሟል ተብሎ የተቀጣ ሰው ፍርዱን በይግባኝ ሲቃወም ከበላይ ፍርድ ቤት ፊት የሚቆሙት እነማን ናቸው? ይግባኝ ባዩ አለ፤ ጠበቃው አለ፤ መልስ ሰጪው ዐቃቤ ሕግም አለ። ልጁ ወይም ልጅቱ ግን የሉም። ያሉት በወረቀት ላይ ነው። የሥር ፍርድ ቤት ጸሐፊ በጻፈው፣ አንዳንዴም አስተርጓሚ ባሳለፈው ጥቂት ገጽ ውስጥ ናቸው። የእኔ ክርክር በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ይግባኝ ታሪክ ከቅጣቱ ክብደትና ቅለት ይልቅ የልጅ ቃል እንዴት እንደ ተጻፈና በሁለተኛው ችሎት ማን እንደ ቆመለት የሚናገር ታሪክ ነው የሚል ነው።

አጋርፋን መነሻ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችሁ አጋርፋን በስንዴዋና በገበሬዎች ማሠልጠኛዋ ታውቋታላችሁ። እኔ ዛሬ የምፈልጋት በሌላ ነገሯ ነው። ወረዳይቱ የባሌ ደጋ ሰሜናዊ ዳርቻ ናት፤ ከእርሷ በስተሰሜን የዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ተሰንጥቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ አርሲ ነው። ወንዙ የአስተዳደር ወሰን ይሁን እንጂ የባህል ወሰን ሆኖ አያውቅም። በሁለቱም ዳር የሚኖረው በአብዛኛው የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ የጋብቻው ወግ፣ የሽምግልናው ሥርዓት፣ የጠለፋውም ልማድ አንድ ነው። ስለዚህ ከማዶ የተነሣ አንድ መዝገብ፣ እስከ ባንጁል ድረስ የተጓዘ መዝገብ፣ ለአጋርፋም ለሮቤም ለጎባም የራሳቸው ታሪክ ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

«ይግባኝ» የሚለው ቃል ራሱ የሚናገረው አለ። ነገሬ ከበላዩ ዘንድ ይግባልኝ ማለት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ተበዳይ ነኝ የሚል ሰው ከአጥቢያው ዳኛ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ዙፋን ችሎት ሊደርስ ይችል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻው ዳኛ ነበሩና። ይህ የአቤቱታ መንገድ በጽሑፍ ላይ ሳይሆን በአካል መቆም ላይ የተመሠረተ ነበር። አቤት የሚል ሰው እግሩ የሚችል፣ ስንቅ ያለው፣ የሚሰማለት ቋንቋ የሚናገር መሆን ነበረበት። ከባሌ ደጋ ተነሥቶ አዲስ አበባ መግባት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ ባሌ የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት አካል ስለ ነበረች የአስተዳደር አቤቱታው መንገድ በዚያም በኩል ዙሪያ ጥምጥም ነበር። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ፣ የባለጉዳዩ ቋንቋ ኦሮምኛ። ጎልማሳ ገበሬ እንኳ የሚታክትበትን ይህን መንገድ ልጅ ሊሄደው እንደማይችል ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ታዲያ ልጅ በደል ሲደርስበት ምን ይደረግ ነበር? በመደበኛው ፍርድ ቤት በኩል፣ ከሞትና ከከባድ የአካል ጉዳት በመለስ፣ ብዙም ነገር አይደረግም ነበር። ነገሩ የቤተሰብ፣ ከዚያም የጎሳ ጉዳይ ነበር። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ዕርቅ ይወርዳል። ይህን ሥርዓት በንቀት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ደም እንዳይፈስ ያደረገው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዕርቁ የሚወርደው በሁለት ቤተሰቦች መካከል ነው፤ ካሣው የሚከፈለው ለአባት ነው። ልጅቱ የክርክሩ መነሻ እንጂ ተከራካሪ አልነበረችም።

እዚህ ላይ ስለ ሲንቄ ጥቂት ልናገር። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ ቀጭን ዘንግ ናት፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት። የአንዲት ሴት ክብር ሲደፈር፣ በተለይም አራስ ስትመታ፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ፣ የተቆረጠበትን ከፍሎ እስኪታረቅ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በእኔ ግምት ይህ በአካባቢው ታሪክ ከማንኛውም የጽሑፍ ሕግ ቀድሞ ለሴት የጋራ አቤቱታ መንገድ የከፈተ ተቋም ነው። የራሱ ወሰን ግን ነበረው። ሲንቄ የምትያዘው በጋብቻ ነው፤ ያላገባች ልጅ ሲንቄ የላትም። በጠለፋ የተወሰደችው ደግሞ እናቷ ዘንጉን በእጇ ሳታስይዛት ከቤት የወጣች ናት። በባህሉ ውስጥ ካሉት መከታዎች ጠንካራው የሚጀምረው የልጅቱ ልጅነት በሚያበቃበት ቦታ ነበር። ይህን ክፍተት አስታውሱልኝ፤ በኋላ በዘመናዊው ሕግ ውስጥም እናገኘዋለን።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አዋቀረ። የዙፋን ችሎት ግን ከላያቸው እንዳለ እስከ አብዮቱ ቆየ። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949 ዓ.ም. ወጣ፤ ረቂቁን ያዘጋጁት የስዊስ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ተከተለ። በእነዚህ ሁለት ሕጎች ልጅን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ግዴታውን በመጣሱ በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል በግልጽ ተጻፈ፤ የተቀጣውም ሰው ሆነ ዐቃቤ ሕግ በምን ሥርዓት ይግባኝ እንደሚል ተወሰነ። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በአካል የሚቆመው አቤት ባይ በወረቀት ተተካ።

የይግባኙን ሥርዓት ለሕግ ተማሪዎች መድገም አያሻም፤ ለሌሎቻችሁ ግን በአጭሩ ላስረዳ። ይግባኝ ባይ ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፤ የመዝገቡ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያቀርባል። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ የለውም፤ በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ግን አለው። ዐቃቤ ሕግም ተከሳሹ ነፃ ሲወጣ ወይም ቅጣቱ ሲያንስ ይግባኝ ይላል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሰፊ ነው፦ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሊሽር፣ አጽንቶ ቅጣቱን ሊቀንስ ወይም ሊጨምር፣ የጥፋቱን ዓይነት ሊለውጥ ይችላል። አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ ተጨማሪ ማስረጃ ያስቀርባል፤ ይህ በአንቀጽ 194 ላይ ያለ ነው። አንቀጹ ዘወትር አይነበብም፤ ቢነበብ ከዛሬው ርእሴ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

የግል ተበዳዩ፣ ማለትም ልጁ ወይም የልጁ ቤተሰብ፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን ልብ በሉ። በሥር ፍርድ ቤት ካሣ ለመጠየቅ የምትከፈት ትንሽ በር አለች። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አልልም ካለ ወይም በይግባኙ ላይ ለዘብ ካለ ግን ልጁን ወክሎ «እኔ አለሁ» የሚል ተከራካሪ ሕጉ አያውቅም።

ወደ ቅጣቱ ልመለስ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚያንገላታ፣ የሚበድል፣ ከዐቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው ከ3 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በልጁ ጤና፣ ትምህርት ወይም ዕድገት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ እስራቱ ከ1 ዓመት አያንስም፤ ከቤተሰብ መብት መሻርም ይጨመርበታል። አንቀጽ 659 ደግሞ ወላጅ ወይም ሞግዚት ልጁን ያለ እንክብካቤና ያለ ትምህርት ጥሎ ለአደጋ ሲያጋልጠው፣ ወይም አደጋ እንደሚደርስበት እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ለሌላ ሰው ለረጅም ጊዜ አሳልፎ ሲሰጠው ይቀጣዋል። ለትምህርት ተብላ ከገጠር ወደ ሮቤ ዘመድ ቤት የተላከች፣ ደብተር ሳይሆን እንስራ የተሸከመች ልጅ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ትገኛለች። በአጨዳ ወራት ከትምህርት ቤት ቀርቶ ቀኑን ሙሉ በነዶ ሥር የሚጎብጠው ልጅም ከ576 ብዙ አይርቅም፤ ይህ ደግሞ በስንዴ አገር የዘወትር ነገር ነው። የዚያው አንቀጽ የመጨረሻ ንኡስ አንቀጽ ግን ሕጋዊና ተገቢ የሆነ የቅጣ መብትን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል፤ በተግባር የተከሳሾች ሁሉ መጠለያ እርሱ ነው። ልጄን ቀጣሁት እንጂ አልበደልኩትም የማይል አባት የለም።

አሁን የ3 ወር ቅጣትን ከይግባኙ ቀነ ገደብ ጋር አስተያዩት። በወረዳ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ የተፈረደበት ሰው 15 ቀኑን ቆጥሮ፣ ግልባጩን ጠብቆ፣ ማመልከቻውን አጽፎ፣ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀጠሮ እስኪያዝለት መጋቢት ይደርሳል። የቅጣቱ አፈጻጸም ካልታገደለት የይግባኙ ውጤት ለእርሱ ባዶ ነው፤ ከታገደለት ደግሞ ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ልጅ ዘንድ ይመለሳል። ሁለቱም መልካም አይደሉም። ስለዚህ በነዚህ ቀላል አንቀጾች የተቀጣ ሰው ይግባኝ ማለቱ እምብዛም ነው፤ የሕጉም ትርጉም በበላይ ፍርድ ቤት ሳይፈተሽ ይቀራል። የቅጣት መብት ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ለወረዳ ዳኛ የሚነግረው የበላይ ውሳኔ ሲያጣ ዳኛው የሚመለሰው ወደ ራሱ አስተዳደግ ነው። ይህን የምለው ዳኞችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ማናችንም ብንሆን ከዚያ የተለየ አናደርግም።

በይግባኝ እስከ ላይ የሚደርሱት ከባዶቹ ናቸው፤ መደፈር፣ ጠለፋ፣ ከባድ የአካል ጉዳት። ወደ ማዶው መዝገብ የመጣነው በዚህ በኩል ነው።

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በአርሲ ዞን በጉና ወረዳ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈችና ተደፈረች። ስሟ በዓለም አቀፍ ሰነዶች ላይ ተጽፏል፤ በዚህ አዳራሽ መጥራቱ ግን አስፈላጊ መስሎ አይታየኝም። ፖሊስ አስጣላት፤ ጠላፊውም ተያዘ። ከዚያ በዋስ ተለቀቀ። በዋስ እንዳለ ዳግመኛ ጠለፋትና ለአንድ ወር ያህል ደብቆ አቆያት፤ የጋብቻ ውል እንድትፈርምም አስገደዳት። አምልጣ ወጣች።

የጋብቻ ውሉ ለምን አስፈለገ? መልሱ በ1949ኙ ሕግ ውስጥ አለ። አንቀጽ 558 ጠለፋን፣ አንቀጽ 599 ደግሞ መድፈርንና መሰል ወንጀሎችን በሚመለከት፣ ተበዳይዋ በፈቃዷ ከበዳዩ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ እንዲቀር ያደርጉ ነበር። ይህን ደንብ የጻፉት ሰዎች በክፋት ጻፉት ለማለት አልደፍርም፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግም በዚያ ዘመን ተመሳሳይ ነገር ነበር። ነገር ግን ደንቡ የሽማግሌዎቹን ዕርቅ ከነክፍተቱ ወደ ዘመናዊው ሕግ አስገባው። የጎሳው ካሣ በጋብቻ ወረቀት ተተካ፤ ወረቀቱ ያለበት ጠላፊ ከእስር ቤት በር ላይ ይመለሳል።

በዚህች ልጅ ላይ ግን ወረቀቱ በሕግ ዐይን ሊጸና አይችልም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ብሎ ወስኗል፤ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፤ ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሷን የቤተሰብ ሕግ ስታወጣ 18ን ተቀብላለች። በየትኛውም መለኪያ 13 ዓመት ለጋብቻ ዕድሜ አልነበረም። በግዳጅ መፈረሟ ደግሞ «በፈቃዷ» የሚለውን ቃል ያፈርሰዋል።

የጉና ወረዳ ፍርድ ቤት ሐምሌ 15 ቀን 1995 ዓ.ም. በዋናው ተከሳሽ ላይ 10 ዓመት፣ በጠለፋው በተባበሩት በአራቱ ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው 8 ዓመት እስራት ፈረደ፤ አመክሮም ከለከላቸው። ከዋና ከተሞች ርቆ የተቀመጠ የወረዳ ፍርድ ቤት፣ ጠለፋ እንደ ወግ በሚታይበት አገር፣ ይህን ፍርድ መስጠቱ በእኔ እይታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ያላገኘ ነገር ነው። የዓለም አቀፍ ጽሑፎች ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ የኢትዮጵያን ፍርድ ቤቶች በጅምላ ይወቅሳሉ፤ ምስክር የሰማው፣ የልጅቱን ፊት ያየው ፍርድ ቤት ግን በትክክል ፈርዶ ነበር።

ተከሳሾቹ ይግባኝ አሉ። ኅዳር 24 ቀን 1996 ዓ.ም. የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወረዳውን ፍርድ ሽሮ አምስቱንም ለቀቃቸው። ከሐምሌ እስከ ኅዳር አምስት ወር አይሞላም። ከዚያ ወዲያ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰበርም የተደረገው ጥረት ፍሬ አላፈራም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እንዲለዩ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ ይግባኝ መባሉ አይደለም። የ10 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲመረመርለት የመጠየቅ መብቱ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተረጋገጠ ነው፤ የተከሰሰበት ወንጀል አስቀያሚ መሆኑ ይህን መብት አይቀንሰውም። በሐሰት የተወነጀለ መምህር ወይም አባት ነገ ይኖራል፤ ያለ ይግባኝ ምን ይውጠዋል? የምንጠይቀው ሁለተኛው ፍርድ ቤት በእጁ ባለው ሥልጣን ምን አደረገበት የሚለውን ነው።

አቤቱታ አቅራቢዎቹ እንደሚያስረዱት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ በስምምነት የተፈጸመ ይመስላል ወደሚል ሐሳብ አዘንብሏል። ይህ ግምት እውነት ነው ብለን ለክርክር ያህል እንቀበለው። የ1949ኙ ሕግ ከ15 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ በአንቀጽ 594 ደንግጎ ነበር፤ የልጅ ፈቃድ በዚያ አንቀጽ ሚዛን የለውም። እንግዲያው የይግባኙ ፍርድ ቤት ማስረጃውን በራሱ መንገድ ቢያነበው እንኳ የጥፋቱን ዓይነት ለውጦ ቅጣቱን ማስተካከል ይችል ነበር። ስለ ልጅቱ ቃል ጥርጣሬ ካደረበት ደግሞ በአንቀጽ 194 መሠረት ጠርቶ መስማት ይችል ነበር። ሦስት በሮች ነበሩት፤ ያለፈው በአራተኛው ነው። ሁለት ጊዜ የተጠለፈች፣ አንድ ወር ታግታ አምልጣ የመጣች ልጅ ተስማምታለች የሚለው መደምደሚያ ልጅቱን ፊት ለፊት አይቶ ለመናገር የሚከብድ ነው። ከወረቀት ላይ ግን ይቀላል።

የወረቀቱ ነገር የአንድ መዝገብ ችግር ብቻ አይደለም። የልጅ ምስክርነት በችሎት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ይቀራል፤ መልሱ ብቻ ይቀመጣል። ዝምታዋ አይጻፍም፤ ማልቀሷ አይጻፍም። «አልጮህኩም» ያለች እንደሆነ «አልጮኸችም» ተብሎ ይሰፍራል፤ አፏ ታፍኖ እንደ ነበር ለመናገር ዕድል ካልተሰጣት የይግባኙ ዳኛ የሚያነበው ስምምነትን ነው። በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። በንጉሡ ዘመን የባሌ ልጅ ኦሮምኛ ተናግራ በአማርኛ ትጻፍ ነበር። ዛሬ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ቃሏ በራሷ ቋንቋ ይሰፍራል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። መዝገቡ ወደ ፌዴራል ሰበር ሲያልፍ ግን ወደ አማርኛ መተርጎም አለበትና በመጨረሻው ደረጃ ትርጉሙ ይመለሳል።

የዕድሜውም ማስረጃ እንደዚሁ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜው በእናቱ ትዝታና በሐኪም ግምት ይቆም ነበር። በልጆች ላይ በሚፈጸም ወንጀል የቅጣቱ ጣሪያና ወለል የሚወሰነው በዕድሜ ነው፤ 13 ሳይሞላ አንድ ቅጣት፣ ከ13 እስከ 18 ሌላ ቅጣት። ስለዚህ ጎበዝ የይግባኝ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያጠቃው ዕድሜውን ነው። ሥራው ነውና አይወቀስም።

የዚያው የ1996 ዓመተ ምሕረት ነገር ይገርማል። በኅዳር ወር አምስቱ ሰዎች ተለቀቁ፤ ዓመቱ ሳይወጣ አዲሱ የወንጀል ሕግ ጸደቀ፤ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ። የጋብቻው መውጫ በር ተዘጋ። ለዚህ ለውጥ ከፍተኛ ድርሻ ከነበራቸው መካከል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አንዱ ነው። ማኅበሩ ቀደም ሲል፣ እዚያው አርሲ ውስጥ፣ ጠላፊዋን በገደለችው የ14 ዓመት ልጅ ክስ ተሟግቶ ራስን መከላከል ነው የሚል ፍርድ ያስገኘ ነው። ታሪኩን «ድፍረት» ከሚለው ፊልም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያች ልጅ ተከሳሽ በመሆኗ በችሎቱ ፊት የመቆም መብት ነበራት። የጉናዋ ልጅ ተበዳይ ብቻ በመሆኗ አልነበራትም። ሕጋችን ለገደለችው ልጅ ጠበቃ ያውቅላታል፤ ለተበደለችው ግን የሚያውቅላት ምስክርነትን ነው።

የሰበር ችሎታችን ልጅን ማየት አይችልም ነበር እንዳይባል አንድ ሌላ መዝገብ ልጥቀስ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በልጅ አስተዳደግ ላይ በአባትና ለዓመታት ልጁን ባሳደገች አክስት መካከል የተነሣውን ክርክር ሲወስን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና አገራችን የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን መሠረት አድርጎ የልጁን ጥቅም ከአባትየው ቅድሚያ በላይ አስቀምጧል። ውሳኔው በሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይጠቀሳል፤ የሥር ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ያው አንቀጽ 36 በወንጀል ይግባኝ ላይ፣ ማለትም ማስረጃ ሲመዘንና ቅጣት ሲከለስ፣ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በዚያ ግልጽነት ሲነገር አላየሁም። በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ በ2006 ዓ.ም. የተሻሻለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የቅጣቱን እርከን አስተካክሏል፤ ለይግባኝ ክርክርም መለኪያ ሰጥቷል። መመሪያው ግን ቁጥር እንጂ ቃል አይሰማም።

የጉናው መዝገብ በአገር ውስጥ መንገዱ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በባንጁል ለሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ቀረበ፤ አቅራቢዎቹ ኢኳሊቲ ናው የተባለው ድርጅትና የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ነበሩ፤ ቁጥሩም 341/2007 ተባለ። የመልስ ሰጪው ወንበር ላይ የተቀመጠው ጠላፊው አልነበረም፤ መንግሥት ነበር። ጥያቄውም ተለወጠ፤ አንድ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይ የሚለው ቀርቶ የፍትሕ ሥርዓቱ ይህችን ልጅ ጠብቋታል ወይ የሚለው ተተካ። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የአካሏ ደኅንነት፣ ሰብአዊ ክብሯ፣ ነፃነቷና በፍርድ አካል የመሰማት መብቷ ተጥሰዋል አለ። 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላትም ወሰነ።

ከኮሚሽኑ ውሳኔ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው የካሣውን መጠን ሳይሆን የመሰማት መብቷን የሚመለከተውን ክፍል ነው። በአገር ውስጥ ሥርዓታችን የይግባኙ ክርክር በተቀጪውና በዐቃቤ ሕጉ መካከል ነበርና የልጅቱ አለመሰማት የሥነ ሥርዓት ጉድለት ተብሎ እንኳ አልተመዘገበም። በባንጁል ግን ራሷ ባለጉዳይ ሆነች። ስትጠለፍ 13 ዓመቷ ነበር፤ ውሳኔው ሲወጣ 27 ዓመት አልፏት ነበር።

ሰዓቱን ስላጠበብኩባችሁ ይቅርታ። በአንቀጽ 194 ላይ ጥያቄ እንደሚኖራችሁ እገምታለሁ፤ በተለይ የልጅ ምስክርን በይግባኝ ደረጃ ዳግመኛ መጥራት ልጁን እንደገና መጉዳት አይሆንም ወይ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ከእርሱ እንጀምር።